ሠላሳ አንደኛዋ ጆግ

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣ እኔ ነኝ፣ አስቴርህ። ከተለየኸኝ ነገ ዓመት ይሞላል። ለነገ የሚያስፈልገው ሁሉ ስለተሰናዳ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። በቁምህ ሁለት መስመር ጽፋልህ የማታውቅ ሴት ዛሬ ደብዳቤ ጀመረች ብለህ ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ፣ ይገባኛል።

ቤቱ እንደተውከው ነው። የስቶክዌሉ ሕንፃችን ሊፍት ዛሬም በሳምንት ሁለቴ ይቆማል። ልጃችን ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ አፕላይ አድርጋ መልስ እየጠበቀች ነው። ብርጭቆዎችህም ሠላሳ አንዱም መደርደሪያቸው ላይ አሉ፣ አንድም አልተሰበረም። ስለነሱ ግን የምናዘዝልህ ነገር አለ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ለቀን ስንመጣ የያዝነው አንድ ሻንጣ ነበር። ሰው ትንሽ ሲደላው ሶፋ ይገዛል። አንተ ግን ከሂትሮው አየር ማረፊያ የጽዳት ሥራህ ስትወጣ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበትን ቻሪቲ ሾፕ ለቻሪቲ ሾፕ ትዞራለህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰው አሮጌ ዕቃውን ሜዳ ላይ ከመኪናው ኋላ አውርዶ የሚሸጥበት ካር ቡት። የጥንት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለህ ትመጣለህ። ሰው ብርጭቆ የሚገዛው ሊጠጣበት ነው፣ አንተ ልታጠናው፣ እያልኩ ስነዘንዝህ ምን ቸገረህ! ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠውና ዐይንህን ጨፍነህ በጣትህ ትዳብሰዋለህ። በእጅ የተቀረጸ ከሆነ ጠርዙ ጣት ይቧጭራል። በቅርጽ ውስጥ ተጨፍልቆ የወጣ ከሆነ ግን ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ጎኑም ላይ እንደ ልብስ ስፌት ቀጭን መስመር አለው። አንተ የምትወደው ይሄን ስፌት ያለውን ነበር። የድሃ ቤት ጌጥ ነው ትለኝ ነበር።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ አይደለህ! አባትህ ለእያንዳንዱ ጥለት ስም እንደነበራቸው፣ አንተም ለብርጭቆዎቹ ስም ታወጣላቸው ጀመር። ጉብ ጉብ ያለው «ሽምብራ»፣ ከላይ ወደ ታች ሰረዝ ሰረዝ ያለው «የሐምሌ ዝናብ»፣ አበባ የተበተነበት «አደይ»። ስሙን በአማርኛ በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ከሥሩ ትለጥፋለህ። እኔ አንዱንም ገልብጬ አይቼ አላውቅም። አቧራቸውን ስጠርግ እንኳ እያጉረመረምኩ ነበር።

የለቅሶው ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። የውሃ መጠጫ ሲያንስ ሊዲያ ያንተን ዕቃዎች አወረደቻቸው። ከሥራቸው የተለጠፈውን ስታይ የገዛህበትን ዋጋ የጻፍክ መሰላት። ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው ብላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በሙቅ ውሃ አንድ በአንድ ላጠችው። እዚህ የተወለደች ልጅ፣ መች ፊደል አስቆጠርናት? እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ምንም አላየሁም።

ሠልስትህ አልፎ ሰው ሲበተን እጅ ጽሕፈትህ ናፈቀኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ገለበጥኩ። ባዶ ነው። ሁሉም ባዶ! ቆሻሻውም ተጥሏል። ልጅቷ ላይ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት በር አስከፈተ። አንተን ብቻ ሳይሆን ያወጣኸውንም ስም አብሬ የቀበርኩት መሰለኝ። አበስኩ ገበርኩ፣ ጥፋቱ እኮ የኔ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ብርጭቆ ገልብጬ ባይ ምን እሆን ነበር? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው።

እና ለሙት ዓመትህ የሁሉንም ስም ልመልስላቸው ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሊዲያ ጋር እንቀመጣለን። ዐይኔን ጨፍኜ እንዳንተ እዳብሳለሁ። ለካ ወጥ እያማሰልኩ ስትለፈልፍብኝ ስሰማህ ኖሬያለሁ! እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል ያስቆጠርኳት በዚሁ ነው። «ሽምብራ»ን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅታብኛለች።

ሞት ይርሳኝ! ካር ቡት ላይ የሚሸጥልህ ያ ሽማግሌ እንግሊዛዊ መሞትህን አልሰማም ነበር። አንድ ቅዳሜ ስለ ጥለቶቹ ልጠይቀው ሄጄ ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ። እዚያ ገበያ ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ ብርጭቆ የሚለይ ካንተ በቀር አላየሁም አለኝ። ደግሞ ፋብሪካዎቹ ለአብዛኛው ጥለት ቁጥር ብቻ ይሰጡ ነበር፣ ስሙን ያወጡለት ኋላ የመጡ ሰብሳቢዎች ናቸው አለ። ያንተም ስሞች ከነሱ ስሞች አያንሱም ማለት ነው። እንዴት እንደኮራሁብህ! እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሠላሳውን እንዲህ እያልን ጨረስን። ሠላሳ አንደኛዋ፣ ከሁሉም ኋላ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ የወተት ጆግ ግን እምቢ አለችን። ጥለቷ ሦስት ሦስት እየሆነ የተጠላለፈ ነው። ስለሷ አንድ ቀን ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። «ገመድ» ብዬ ላስጽፍ አልኩና፣ ግርማ እንዲህ ያለ ደረቅ ስም አያወጣም ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ሊዲያ የስልኳን ሽፋን አውልቃ ከውስጡ አንዲት የተጨማደደች ወረቀት አወጣች። የለቅሶው ሰሞን የጥቁር ልብሷ እጅጌ ላይ ተጣብቃ ነው ያገኘቻት። ማንበብ አልቻለችም፣ እኔን መጠየቅ ደግሞ ፈራች፤ እንዲሁ ዓመቱን ሙሉ ይዛት ዞረች። አሁን ፊደሉን ስትለይ ደፈረች። ጣቷን እያስኬደች፣ አንድ አንዱን ፊደል እየጠራች አነበበችልኝ። «የአስቴር ሹሩባ» ይላል።

ወይ አንተ ሰውዬ! እኔ ሹሩባ የተሠራሁት ሳንሰደድ በፊት፣ ስታጨኝ ነው። እዚህ ስንመጣ ለሥራ አይመቸኝም ብዬ ፀጉሬን አሳጥሬ ስቆረጥ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። የረሳኸው መስሎኝ ነበር። ለካ ጥለቱን ከሰው አገር ጭቃ ላይ አንስተህ፣ ስሜን ሰጥተህ፣ ከኋላ ደብቀህልኛል። ለምን አልነገርከኝም? እንዳልስቅብህ ነው፣ አይደል? እውነቱን ልንገርህ፣ እስቅብህ ነበር። ዛሬ ግን ልጄን አቅፌ አለቀስኩ፣ ስለዚያ ጩኸቴም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ወረቀቷ ሙጫዋ አልቋል፣ አትለጠፍም። ጆጓን አስቀመጥኩባት። ሠላሳው የሊዲያ ጽሕፈት ነው፣ ያቺ አንዷ ግን ባንተ እጅ እንደተጻፈች ትኖራለች።

ነገ ቄሱ በክርስትና ስምህ ሲያስቡህ ከፊት እቆማለሁ። ዘንድሮ በሐዘን መቀስ ያልነካው ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ጥቁሬን ባወለቅኩ ማግስት ሃርልስደን ሹሩባ ሠሪዎቹ ዘንድ ሄጄ እሠራዋለሁ። ሦስት ሦስት አድርገው እንዲያጠላልፉልኝም ጆጓን ይዤላቸው እሄዳለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይሄ ጥለት ከራሴ ላይ አይወርድም።

አስቴርህ