የተሰነጠቀ እንጨት ጠጋኙ የ«አባ ስንጥቅ» የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከእንጨት ሰንጣቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከእንጨት መጋዘን ጓሮ፣ የመጋዝ ብናኝ አልጋ ድረስ በሚገባባት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1955 ዓ.ም. አናጢ አጎታቸው ዘንድ ሥራ ጀመሩ። አዲስ ቤት መሥራት ብዙም አልሳባቸውም፤ ልባቸው ወደ አሮጌው ነበር። የተሰነጠቀ አግዳሚ እንጨት ወይም ምሰሶ ሲያገኙ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ በወስፌ ይወጋሉ፤ ስንጥቁ እየረዘመ መሆን አለመሆኑን ለማወቅም የቆመበትን ቦታ በእርሳስ አስምረው ቀን ይጽፉበታል። «አባ ስንጥቅ» ያሏቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ እሳቸውም በደስታ አቤት ይሉ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አፍርተዋል። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እኔን ሊያዩ መጥተው ጣሪያ ሲያዩ ዋሉ። አባቴ፣ ‹ልጁ አንገቱን ያመዋል እንዴ?› አለኝ» እያሉ ያስቁናል።

በ1978 ዓ.ም. የአንድ አሮጌ የሴቶች ትምህርት ቤት ፎቅ የተሸከመው አግዳሚ በቁመቱ ተሰነጠቀ። አባታችን ተጠርተው፣ ስንጥቁ እንጨቱ ሲደርቅ የመጣ እንደሆነና እንደማያሰጋ ጽፈው ሰጡ። ልክ ነበሩ። ነገር ግን በዚህ ዕውቀታቸው ተማምነው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የእንጨቱን ጫፍ ሳያስከፍቱ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የላይኛው ወለል ረገበ፤ ጫፉ ከአሸንዳ በሚፈስ ውኃ በስብሶ ኖሯል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ በስንጥቁ አሳቦ ሕንፃው ይፍረስ ሲል፣ አባታችን ብድግ ብለው ስንጥቁ ምንም እንዳላደረገ፣ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ እንጨቱም እንደሚጠገን ተናገሩ። ይህ የሥራ ፈቃዳቸውን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር። ዳይሬክተሯ ግን፣ «ሌላ ባለሙያ ብናመጣ ስህተቱን እስኪያምን ስንት ዓመት ልንጠብቅ ነው? በሉ አባ ስንጥቅ፣ ያበላሹትን ያስተካክሉ!» አሉ። እሳቸውም ፎቁን በድጋፍ አቁመው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ደረቅ እንጨት በብሎን ቀጥለው በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያስተምራል።

ከዚያ ወዲህ ሙያውን ላስተማሯቸው ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ስህተታቸው ነበር፤ ሲያወሩትም እየሳቁ ነበር።

አባታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለሰባት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ማንም ሳይጠይቃቸው ጥፋታቸውን ለተናገሩት አባታችን፣ ፈጣሪ ሳይጠይቁት ምሕረቱን ይስጥልን።