ዓሣ ያለበት ውሃ

ለውድ አባቴ ለአቶ ይርዳው፣ አርብ ገበያ፤ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ከብርዱ ጋር ታረቀ? እናቴ ካሣነሽስ? በሬው ዳለቻስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እንደ ሰንጋ ደልቤያለሁ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው! ማታ ማታ ተምሬ ፊደልን እንደ ወይፈን ገርቻታለሁ። መምህራችን ጽሕፈቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአድናቆት ይመስለኛል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሲያነቡልዎ ግድፈት ቢያገኙ ጥፋቱ የብዕሩ ነው ይበሉልኝ።

በዘበኝነት የምጠብቀው የጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ያጠበበትን ውሃ በገንዳ እያሳለፈ ያጣራል። ሲገባ አተላ የመሰለው ሲወጣ ምንጭ ይመስላል፤ ከታች ባለው ኩሬ ዓሣ ይርመሰመስበታል። እርስዎስ «ዓሣ ያለበትን ውሃ አትፍራ» ብለው አይደል ያሳደጉኝ? ባለቤቴ ሐረገ ወይን የሆዷን ይዛ ለፋሲካ ስትመጣ ከደጇ እንድትቀዳ ብዬ ቤት የተከራየሁት እዚያው ዳር ነው። ለጎረቤቱም «የጋይንት ሰው ውሃ ያውቃል» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሪት አበራሽ የምትባል ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ዓሣ አጥምጄ ሰጠኋት፤ ያው ከሁሉ ትልቁን። ወንድ ነው አለች። ሆዱን ከፍታ በማጉያ መነጽር ስታሳየኝ ግን፣ አባቴ፣ በወንዱ ዘር ከረጢት ውስጥ እንቁላል! ስደነግጥ አይተውኝ አያውቁም፤ ያን ቀን አማተብኩ።

ድግምት ነው ወይ ብላት ሳቀች። በሰውነት ውስጥ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ አለ፤ ወንዱን ወንድ ሁን፣ ሴቷን ሴት ሁኚ፣ ፅንሱንም እደግ እያለ ይዞራል አለችኝ። ከፋብሪካው ኬሚካል ጥቂቱ ማጣሪያውን ያልፍና ያንን መልእክተኛ መስሎ ይገባል፤ ሰውነትም የጌታው ቃል መስሎት ይታዘዘዋል። አይታይ፣ አይሸት፣ ዓሣውንም አይገድል! ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ገና እየተጠና ነው፤ ነፍሰ ጡር ግን አትቅመሰው አለች።

ስለዚህ አባቴ፣ እንዲያ ስናፍቃት ብከርምም ሐረገ ወይንን ለፋሲካ አይላኩብኝ። ቧንቧ ያለው ቤት እስካገኝ የምንጯን ውሃ እየጠጣች እዚያው ትውለድ። «ሌላ አግኝቶ ነው» ማለቷ አይቀርም። መሪጌታ፣ ይህችን መስመር ጮክ ብለው ያንብቡላት፦ ሌላ ያገኘሁት ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድ ነኝ ብሎ አታለለኝ።

የእናቴን ጉልበት ስሜያለሁ። እህቴ ጌጤ ትምህርቷን እንዳትተው፤ ከእኔ ባትበልጥም ትደርስብኛለች። ሐረገ ወይንን አይዞሽ በሏት። በሆዷ ላለው እንግዳ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ ወንድም ሁን ሴት፣ ሐሰተኛ መልእክተኛ ሳይደርስብህ፣ የፈጣሪህን ቃል ብቻ ሰምተህ ና።

ልጅዎ በላይነህ ይርዳው
አዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ የካቲት 17 ቀን 2003 ዓ.ም.