«መጣሁ» ብሎ ስለሄደው አጋር

«መጣሁ ወዳጄ፤ በሩን ያዝልኝ!»

ይህ ቃል በቃል የእናንተ ነው። መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ የሚያዝዘው አጋሬ ስክሪኔ ላይ ጽፎልኝ ሄደ።

ለተከበራችሁ የ«ሰባት በር» የጦር ስልት ጨዋታ አዘጋጆች፣

ጤናችሁ ይብዛ፤ ከክፉ ነገር ሁሉ ራቁ፤ መራቁንስ አጋራችሁ ያውቅበታል።

በቅድሚያ ተርጓሚያችሁን አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲወጣ «መጣሁ» እንደሚል ጠንቅቆ ያውቃል። ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁት እኔ ግን የእውነት የሚመጣ መስሎኝ በሩን ይዤ ቆየሁ።

በጨዋታው ውስጥ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ከተማ የሠራት ባልደረባዬ የጂኦግራፊ መምህሩ ገዳሙ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣ አብረን ተጫውተናል። ኅዳር ላይ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። ጨዋታችሁ ቦታውን ለኮምፒዩተር ሰጠበት፤ ስሙን ግን እዚያው ተወው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው፦

1ኛ. ጠላት ከተማዋን ሲከብብ፣ አራት መቶ ፈረሰኛ ያለው አጋሬ ወንዝ ዳር እንጨት ይቆርጥ ነበር። ሦስት ጊዜ የድረስልኝ ጥሪ ላክሁ፤ ሦስቱንም በትሕትና ተቀበለ።

2ኛ. ከተማዋ ተቃጥላ ስታበቃ «በጋራ ድላችን እንኳን ደስ ያለን!» አለኝ። ስለ ጨዋነቱ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

3ኛ. ጨዋታው ራሱ እየመዘገበ ስለሚሄድ ወደ ኋላ መመለስ አልቻልሁም። ከእንጨት ቆራጩ ራስ በላይ «ገዳሙ» የሚል ተጽፏል። ልለውጠው ብሞክር «የአጋርን ስም መለወጥ የሚችለው አጋሩ ብቻ ነው» የሚል መልስ መጣ። አጋሩ ማውስ መያዝ አይችልም፣ ክቡራን።

ገዳሙ ይህን ሁሉ አየ። «ያ እኔ ነኝ አይደል? ተወው አንተ ሰውዬ፤ እኔም ብሆን ዛሬ ከዚያ የተሻለ አልሠራም» ብሎ ከዘራውን አነሣ። ይኸው ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። ባለቤቱ ወለተ ሰንበት «ደክሞኛል በይልኝ ብሏል» ትለኛለች። ቤቱ ስሄድ ስለ ዝናብ ያወራኛል። ምን ልበለው?

ስለዚህ ከተማዋን እንደነበረች እንድትመልሱለት፣ ይህ ካልተቻለ ስሙን ከዚያ እንጨት ቆራጭ ላይ እንድታነሡለት፣ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስም የጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ከወንዙ ወዲህ ብቻውን የቀረው፣
እጅ የሚነሣችሁ፣
ባምላኩ ደርቤ
ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መልሳችሁ «በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» የሚል ከሆነ፣ እትሙ የሚወጣበትን ቀን ጻፉልን። የገዳሙ ሐኪም እንኳ ተስፋ ባይሰጥም የቀጠሮ ቀን ይጽፋል።