ላክላንን ፍሎረንስ አገኘሁት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? አባባስ ከነጉልበታቸው ይህን ብርድ እንዴት ያዙት? እዚህ ፀሐዩ ድንኳን ውስጥ አላስቀምጥ ሲለን፣ እናንተ ዘንድ በጎቹ ውርጭ ላይ ማደራቸውን ሳስብ ይገርመኛል። እኔ መሬቱ ጀርባዬን ከመቆርቆሩ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ላክላን በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍልሽ ወንድሜ ከፊቴ ተቀምጧል።

ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ዝም ያልኩት ሰንፌ አይደለም። እንደምታውቂው ጉዟችን በአውቶቡስ ነው፤ ከተማ በደረስን ቁጥር ድንኳን እንተክላለን፣ ነቅለን ደግሞ እንሄዳለን። በየማደሪያው ሜዳ የሌሎች ተጓዦች አውቶቡሶችም አሉ። ላክላን በአንዱ ምግብ አብሳይ ሆኗል የሚል ወሬ ለንደን ሰምቼ ስለነበር፣ ጓደኞቼ ከተማ ለማየት ሲወርዱ እኔ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየዞርኩ እጠይቅ ነበር። ፓሪስ ላይ አንድ ሾፌር ፊቱ ጠቆር አለና፣ «የኒውዚላንዱን አብሳይ ነው? እሱማ አምና ባሕር ወሰደው አሉ። ስሙን ግን አላውቅም» አለኝ። ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ሙኒክንም ቬኒስንም አየሁ አልልሽም፤ ዞርኩባቸው እንጂ። የድንኳን ጓደኛዬ ትሩዲ፣ «ስሙ ላልታወቀ ሰው አይለቀስም፤ ይልቅ ተነሽና ጠይቂ» እያለች ትገፋኝ ነበር።

ፍሎረንስ ከከተማው በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ሰፈርን። ድንኳኔን ተክዬ ሳልጨርስ፣ ከአጠገባችን ካለው አውቶቡስ ዘንድ «ተሰለፉ እንጂ! እንደ በግ ምን ያጋፋችኋል!» የሚል ቁጣ ሰማሁ። አባባ በረቱ በር ላይ ሲቆጡ በይው፤ ቁርጥ እሳቸው! ካስማውን ጥዬ ሮጥኩና ከሰልፉ ፊት ገባሁ። «ኧረ ተራ ጠብቂ!» ብለው ጮኹብኝ። እሱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሳህንሽ የታለ?» አለኝ። ሳህን ሳላቀርብ ስቆምበት ቀና አለ፤ ጭልፋው ከእጁ አምልጦ ድስቱ ውስጥ ገባ።

«ግሌኒስ? ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ ነህ የሞትከው፣ አንተ ደደብ!» ብዬ ደረቱን ደበደብኩት። ከዚያ ተቃቅፈን ስንላቀስ ወጡ አረረ። ሰልፈኞቹ ግን አልተቆጡም፤ ዳቦ በአይብ በሉ።

የሞተው አብሮት ይሠራ የነበረ ያገራችን ልጅ ነው። ባሕሩ አስከሬኑን ሲመልሰው አፈር ያለበሰው ላክላን ራሱ ነው። ለምን አልጻፍክልንም ብዬ ብይዘው፣ «አባባ ከዚህ በር ከወጣህ ወሬህንም አልሻም ብለውኝ የለ?» አለኝ። «የአባት ቁጣ እንዲህ ቃል በቃል ይያዛል እንዴ?» አልኩትና ቀጠልኩ፦ «እሳቸው እኮ መንገድ ዳር ያለውን የፖስታ ሳጥን ማንም እንዳይከፍተው ከልክለዋል። ጠዋት ጠዋት እያነከሱ ራሳቸው ይወርዳሉ፤ ባዶ ሲሆንባቸው አጥር የሚያዩ መስለው እዚያው ይቆማሉ።» ይህን አያውቅም ነበር። በኋላ፣ እዚህ ቅጠል ሲረግፍ ሥራው እንደሚያበቃና ያኔ ወደ ቤት እንደሚመጣ ነገረኝ። እጁን ይዤ አስምዬዋለሁ።

መክሳቱን አልደብቅሽም፤ ሳቁ ግን ያው ሳቁ ነው። እኔም ትናንት ከትሩዲ ጋር ወደ ከተማ ወርጄ፣ ድልድዩ ላይ ቆሜ እንደ ሰው አይስክሬም በላሁ። ጣዕም የሚባል ነገር ወደ አፌ ተመለሰ።

አያቴን ኤልስፔትን ጉንጯን ሳሚልኝ። እህቴን ሮዊናን፣ «ክፍሌን ብትወርሺም ይቅር ብዬሻለሁ» ብላለች በያት። ለአባባ ግን ከእኔ ሰላምታ አልልክም፤ ላክላን ለብቻቸው እየጻፈላቸው ነው። ይጽፋል፣ ቀዶ ይጥላል፣ እንደገና ይጀምራል። እስካሁን ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ልጅሽ ግሌኒስ
ፍሎረንስ፣ ጁን 24 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.