ተክሌን ጥለነው የሄድን ቀን

ታከር፣ አትላንታ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ የክርስትና ልጄ ለሚካኤላ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? የሲያትል ዝናብ አልበረታብሽም? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ቃሉ ራሱ ያስጠላኛል። ግሩም ደውሎ፣ ለጉብኝት በሄድንበት ኮሪያ ውስጥ አባትሽ ተክሌ ከመንገድ ወጥቶ ጠፍቶብን ፈልገን እንዳገኘነው ነግሮሻል አሉ። ውሸት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄን አላምነውም፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ከሴኡል ወደ ገጠር በቫን የወጣን ቀን አራት ነበርን፤ አባትሽ፣ ግሩም፣ ውባየሁና እኔ። ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያልተለያየን ሰዎች። ሩዙ ታጭዷል፣ ዛፉ ቅጠሉን ጥሎ ቀይ ፍሬ ተሸክሟል። አባትሽ ደስ ብሎት የጠየቀውን መልሶ መላልሶ ይጠይቃል። ግሩም "ሪፒት ላይ ነው" እያለ ይስቅበታል። እኛም አብረን እንስቃለን።

አንድ ማደያ ጋ ለሽንት ወርደን ስንመለስ አባትሽ ቀረ። ጥቂት ጠበቅነው። ሐይቅ ላይ ጀልባ ሪዘርቭ አድርገን ነበርና ግሩም ተቆጣ። ኮሪያዊው ሹፌር፣ ሰው ጥዬ አልሄድም አለ።

"ስንመለስ ፒክ እናደርገዋለን፤ የት ይሄዳል?" አለ ግሩም።

ውባየሁ ወደ እኔ ዞረ። ነርሲንግ ሆም የምሠራው እኔ ነኝ፤ አባትሽን ምን እንደነካው ከሁሉም ቀድሜ አውቄዋለሁ።

"እንሂድ" አልኩ።

ጀልባው ላይ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንመለስ ማደያው ጋ የለም። ሹፌሩ እየጠየቀ ወስዶን የአንዲት አሮጊት ቤት በረንዳ ላይ አገኘነው። ሹፌሩ እንደተረጎመልን፣ ቫን ባለፈ ቁጥር እጁን እያነሳ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ አይታው ነው ያስገባችው። ሱሪው ላይ ሸንቶ ኖሮ አጥባ አስጥታለታለች፤ የሰው ሱሪ አልብሳው ፍሬ እየላጠች ታጎርሰዋለች። እኛን ቀና ብላ አላየችንም። ግሩም አፍንጫውን ይዞ "ከኋላ ይቀመጥ" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርኩትም፤ ግን እሱን መጥላት ቀላል ነው።

ቶሎ ነይና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ይህ እርጅና ብቻ አይደለም።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት እጄን ያዘኝ።

"ተናኜ፣ ሁሉም ጥለውኝ ሲሄዱ አንቺ ነሽ የቀረሽልኝ። ፍሬ እየላጥሽ ያጎረስሽኝን አልረሳም። እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

አሜን አልኩ፣ ልጄ። አሜን ብዬ ተቀበልኩት።

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከእኔ የተሻለ ሰው ያስጠጋሽ።

ሌላ ስም እስክታወጪልኝ፣ የክርስትና እናትሽ
ተናኘ