የድንጋይ ሰዎቼን አጥር ላደረጉልኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለወረዳችን የመንገድ ዳር ጥበብ ጠባቂ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ዝቋላ፣ መጋቢት 1996 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነኮሚቴዎ፣ ከነመኪናዎና ከነሾፌርዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቆላችን አቧራ ዐይንዎን እንዳይጎዳው ዘወትር እጸልያለሁ፤ ምንም እንኳ ጸሎቴ የዘገየ ቢመስለኝም።

ጎረቤቴ ገበየሁ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የሠራቸው ሰዎችና ያ አንገተ ረጅም ግመል ለትውልድ ይቆዩ ብለው አጥር ስላጠሩለት፣ ዘበኛም ስላቆሙለት ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ግን እነሆ።

1ኛ. የገበየሁ ቆርቆሮ በቆመበት በዚያ የመንገድ መታጠፊያ የቀደምሁት እኔ ነኝ። እግረኛ መንገደኛ ወደ ጊዮርጊስ ዞሮ በሚሳለምበት ቦታ አንዳንድ ድንጋይ ማኖር የአገራችን ልማድ ነው። እኔ ያንን ድንጋይ እየደረደርሁ ራስና ትከሻ ያላቸው ሰዎች ሳቆም፣ ገበየሁ ቆርቆሮውን ገና ውሃ ይቀዳበት ነበር። ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው።

2ኛ. እርስዎ በመኪና ስለመጡ መሳለሚያው ላይ አልወረዱም፤ የወረዱት ቆርቆሮው በሚያብረቀርቅበት በኩል ነው። ከገበየሁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ፎቶ ሲነሡም፣ ካሜራውን እንድይዝ የተሰጠኝን ክብር አልረሳውም።

3ኛ. ከዚያ መሐንዲስዎ ወደ ሰዎቼ ዞሮ «ይህ ክምር ለአጥሩ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎም ይበቃል አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሰዎቼ ፈርሰው፣ አንዳንዱ በአናቱ ተተክሎ፣ ከጉልበት በማያልፍ ግንብ ውስጥ በሲሚንቶ ተለሰኑ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

4ኛ. ቀናህ ይሉኛል። አዎ፣ ቀንቻለሁ፤ እንቅልፍ እስካጣ ድረስ። ቢሆንም አንድ ቃል ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ሰዎቼ በነፋስ መምጫ በኩል የቆሙት ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ የገበየሁም ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ዘመን የተጠለለው በእነሱ ጥግ እንደሆነ በትሕትና በነገርኩዎት ነበር።

ሰዎቼ ከነሲሚንቷቸው እጅ ይነሡዎታል፤ እኔም አብሬያቸው ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤

ወልደ ሐዋርያት ምስክር፣ የአጥርዎ ድንጋይ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ነፋሱ መጣ። አጥርዎ ደኅና ነው፤ ዘበኛውም በሥራው ላይ ነው፤ የሚጠብቀው ብቻ የለም። የገበየሁ ሰዎች ገደል ገብተዋል። ግመሉን ግን አንሥቼ ጓዳዬ አቁሜዋለሁ፤ ሰዎቼ ሲመለሱ ይመለሳል። እስከዚያ ብቻዬን አየዋለሁ፤ ደግሞም ያምራል፣ የተረገመ።