ያላየኋቸው ሽመላዎች

ውድ አባዬ፣

አክስቴ ትናንት ደውላ «አባትሽ እህል ካፉ ካገባ ሦስት ቀኑ ነው» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ላናግረው ብዬ ለመንኳት። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ምን ላድርግ ልጄ?» አለችኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ፣ እሷ ታነብልሃለች። እባክህ እስከ መጨረሻው ስማኝ፣ ከዚያ የፈለግከውን ፍረድብኝ።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ አይመለስም» ብሎ ስለ ዓይንህ ቁርጡን የነገረህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሠላሳ ዓመት እንግዳ እየመራህ ወፍ ያሳየህበት ጫካና ረግረግ ደጃችን ላይ እያለ፣ አንተ ብርድ ልብስህን ተከናንበህ ተኛህ። ሾርባ ሳቀርብልህ «ውሰጂው» ነበር መልስህ። አንድ ጠዋት ረግረጉ ዳር ካለው የወፍ ማያ ማማ ስመለስ «ሽመላዎቹ መጡ?» አልከኝ።

አልመጡም ነበር። ጎጇቸው በክረምቱ ዝናብ ግማሹ ረግፏል። እኔ ግን «መጡ» አልኩህ። ተነስተህ ተቀመጥክ። ሾርባውን ጠጥተህ ጨረስክ።

እኔን ያሸነፈኝ ያ ባዶ ሳህን ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ እያደር ከበደኝ። በሳምንቱ እንቁላል አስጣልኳቸው፣ ቀጥሎ አስፈለፈልኳቸው። አንተም ክንዴን ይዘህ ማማው ላይ መውጣት ጀመርክ። «መንቆራቸውን ሲያጋጩ አይሰማኝም እኮ» ስትለኝ «ነፋሱ ወደዚያ ነው» እልሃለሁ። ያየኸውን ወፍ ሁሉ በመዘገብክበት በዚያ በሠላሳ ዓመት ደብተርህ ላይ፣ በአንተ ስም፣ አስራ አንድ መስመር ጻፍኩ። እውነቱን የሚያውቀው የጫካው በር ዘበኛ ብቻ ነበር። «ወፍ የለም፣ እመቤት!» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

ለአንተ አዝኜ ብቻ እንዳይመስልህ። ዝምታህን መሸከም አቅቶኝ ነው። አንተ ስትስቅ እኔም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ ስለ ጫጩቶቹ ለየእንግዳው ስታወራ ወሬው አንዲት የወፍ ተመራማሪ ጆሮ ደረሰና ካሜራዋን ተሸክማ የአንድ ቀን መንገድ መጣች። አንተ ኮትህን አስተኩሰህ ለብሰህ ነበር። ማማው ላይ የሩቅ ማያ መነጽሯን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ጋሼ፣ ጎጆው የቱ ጋ ነው?»

ጣትህን ቀሰርክ። አልሳትክም፤ ልክ ዛፉ ላይ ነበር። «ጫጩቶቹ ሦስት ናቸው» አልካት።

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። «እዚያ ምንም የለም ጋሼ» አለችህ፣ ቀስ ብላ።

ወደኔ ዞርክ። «አንቺ አላየሻቸውም?»

«አላየሁም አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንድም ቀን አላየሁም።»

ብትመታኝ በወደድኩ። «እኔ የታወርኩት ዛሬ ነው» አልክና ክንዴን ትተህ፣ መወጣጫውን በእግርህ እየዳበስክ ብቻህን ወረድክ። በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄድክ።

አባዬ፣ አስራ አንዱን መስመር በቀይ ሰርዤ፣ «የሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ልጁ ነኝ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ለተመራማሪዋም እንዲሁ ጽፌ ላክሁላት። «ከአባትሽ ቀሪ መዝገብ አንድ ቃል አይነካም» ብላ መልሳልኛለች። ይሄ ይቅርታ እንደማያሰጠኝ አውቃለሁ። አንተ ግን በእኔ ኃጢአት እየተራብክ ነው።

ዛሬ ጠዋት ማማው ላይ ነበርኩ። ጎጆው ባዶ ነው። ውሃው ሸሽቷል። ሁለት ዳክዬ አየሁ። ሸምበቆው ውስጥ የሚጮህ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። ይኸው ነው፣ አልጨመርኩም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። በሩን ብትዘጋብኝ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። እስክሞት ባታናግረኝም አንተን አልወቅስም። ብቻ ብላ አባዬ። እኔን ይቅር ብለህ ሳይሆን፣ በእኔ ተናደህ ብላ። ለመቆጣትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።

የበደለችህ ልጅህ